በእኔ ስም የተጠየቀ ይቅርታ

ኖቬምበር 27፣ ረቡዕ

ነገሩ የተበላሸው ማኅተሜን ቀይ ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ ጫን ያደረግኩ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ ሊመለስ ይችል ነበር። እጄን ሳነሳ "ሀማታኒ" የሚለው የቤተሰባችን ስም ክብ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ታትሟል። አባቴ ከመሞቱ በፊት ያስቀረጸልኝ ማኅተም ነው፤ ፊርማዬ እሱ ነው።

ወረቀቱን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። የዓሣ ፋብሪካው የምርት ኃላፊ ታካባታኬ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያስጽፈኝ ነበር።

"'በግል ጉዳዬ ምክንያት ሥራ ለቅቄያለሁ' በይ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጽፈው።"

"የግል ጉዳይ የለኝም" አልኩት። "እርስዎ ነዎት ውጪ ያሉኝ።"

"እኔ ማንንም ውጣ አላልኩም። እዚህ ቤት ሰው አይባረርም። ራሱ ገብቶት ነው የሚሄደው።"

ሰኞ ሌሊት የማቀዝቀዣው ክፍል ሞተር ቆሞ አደረ። ጠዋት ስገባ ለሱፐርማርኬቶቹ የተዘጋጀው ካማቦኮ በሙሉ ለብ ብሏል። ታካባታኬ የሙቀት መመዝገቢያው ላይ የትናንቱን ቁጥር ገልብጪ አለኝ። የተፈጨ ዓሣ ነው፤ ሕፃን ይበላዋል፣ ሽማግሌ ይበላዋል። አልገለብጥም ብዬ ዋናው ቢሮ ደወልኩ። ዕቃው ተጣለ። አሁን ኪሳራው በሞተሩ የመጣ መሆኑ ቀርቶ ሳትጠየቅ በደወለችው ልጅ የመጣ ሆኗል።

አልጽፍም ብዬ ቆይቼ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "ዋስሽ አጎትሽ ናቸው አይደል? ደግ ሰው ናቸው። በዕድሜያቸው ባናስቸግራቸው ጥሩ ነው" አለኝ።

ስቀጠር የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ኢሳኦ፣ "ልጅቷ ጉዳት ብታደርስ እኔ እከፍላለሁ" የሚል ወረቀት ላይ ማኅተማቸውን አሳርፈውልኛል። ሥራ የሚገባ ሁሉ ያቀርበዋል። ማንም አያነበውም።

ማኅተሜን ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው። ካናዛዋ ድረስ ሄጄ ኬሚስትሪ የተማርኩት ሰው የነገረኝን ቃል በቃል ለመጻፍ ነው?


ኖቬምበር 28

ለእማ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ሳትዘጋ፣ "ለወንድም ጋሼ ምን ብለን ነው የምንነግራቸው?" አለች። ደህና ነሽ ወይ አላለችኝም። ትንሽ ቆይታ ለራሷ፣ "ባዶ እጅ መሄድማ አይሆንም" ስትል ሰማኋት። የት እንደሚኬድ አልጠየቅኳትም፤ ተናድጄ ነበር።


ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

የሥራ አገናኝ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ወረቀቴን አየና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

"በራስዎ ፈቃድ ነው የለቀቁት?"

"እንደዚያ ተጽፏል።"

"እንግዲያው የሥራ አጥነት ክፍያው እስከ ፀደይ ድረስ አይጀምርም።" ፊቴን አይቶ መሰለኝ ድምፁን አለዘበ። "ግብሩንስ አስበውበታል? በየወሩ ሲቆርጡብዎት ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ ብለው አስልተው ነው። ዲሴምበር ላይ ፋብሪካው የሚያስተካክለው እዚያው ላሉት ብቻ ነው። እርስዎ የተረፈዎትን ራስዎ ግብር ቢሮ ሄደው ያስመልሳሉ። ምን ያህል እንደተከፈለዎትና እንደተቆረጠብዎት የሚያሳይ ማስረጃ ፋብሪካው በአንድ ወር ውስጥ መላክ አለበት።"

በግምት ሳሰላው ሠላሳ ሺህ የን ገደማ ይመለስልኛል። የጤና መድኑን አንድ ሁለት ወር ያስኬደኛል። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የእኔ ነው። ከዚያ ቤት የወጣሁት ሁሉን ነገር ጥዬ ነው፤ ይህቺን ግን አልተውላቸውም።


ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ነጎድጓድ። ባሕሩ ላይ ሲያጓራ እማ እንደ ልማዷ "ቡሪው ነቃ" አለች፤ የክረምቱ ዓሣ ገባ ማለቷ ነው።

አጎቴ ኢሳኦ ዳይኮን የሚባለውን ረጅም ነጭ ሥር ይዘው መጡ፤ አፈሩ አልለቀቀውም። ወጣት ሳሉ የዓሣ መረብ ላይ ይሠሩ ነበር፣ አሁን ጓሯቸውን ይቆፍራሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ባለፈው የአዲስ ዓመት ቀን መሬት ሲንቀጠቀጥ የቤታቸው ጣሪያ ሸክላ ተንሸራትቶ ወረደ፤ እስካሁን በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ነው ያለው። ጣሪያ ሠሪው ከበረዶው በፊት ሊመጣ ተቀጣጥረው ነበር።

"መጣ እንዴ ሰውየው?" አልኳቸው።

"ሥራ በዝቶበታል።"

"ዓመት ሙሉ አስጠብቆ?"

"ተይው ባክሽ። ያ ጣሪያ ከእኔ ቀድሞ አይወድቅም፤ ተስማምተናል" ብለው ሳቁ።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው አውቶቡስ ሲጠብቁ ጎረቤታችን አይታቸዋለች። ማን ሞቶ ነው አልኳቸው። የድሮ ወዳጅ አሉኝ። ስሙን አልነገሩኝም።

ሥራ ስለማጣቴ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ተቀይመውኛል ማለት ነው። ዋስ አድርጌ አሳፈርኳቸው።


ዲሴምበር 24

ፋብሪካው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሂሳብ ክፍል ያለችው ማዩኮ ናት፤ ምሳ አብረን እንበላ ነበር። መጀመሪያ የማታውቀኝ መሰለች። ከዚያ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

"ናጊሳ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ማስረጃሽ አልቋል። መሳቢያዬ ውስጥ ነው።"

"ላኪው ታዲያ!"

"እንዳልልክ ተነግሮኛል።"

"ማዩኮ፣ ሕግ ነው እኮ።"

"ሕጉን ለታካባታኬ ንገሪው። እኔ የቤት ዕዳ አለብኝ።" ከዚያ በሹክሹክታ፣ "ቤታችሁ ደህና ነው? አጎትሽስ?"

ስለ አጎቴ ለምን ትጠይቃለች? አንድ ቀን አይታቸው አታውቅም።


ዲሴምበር 30

ፖስታ የለም። እማ ቤት ታጸዳለች። እኔ መስኮቱ ጋ። የሞተር ብስክሌት ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ።


ጃንዋሪ 2፣ ሐሙስ

ትናንት አዲስ ዓመትን አጎቴ ቤት ዋልን። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ዓመት ሞላው። ሰዓቱ ሲደርስ ሦስታችንም ሳንነጋገር ጸጥ አልን፤ የሚሰማው ከኮርኒሱ ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ነበር። ባልዲዎቹ ጨምረዋል።

ለግብሩ ማስረጃ በድጋሚ እንደምደውል ስናገር አጎቴ የሩዝ ኬካቸውን አስቀመጡ።

"ለሠላሳ ሺህ የን ብለሽ?"

"ለእኔ ብዬ።"

"ትንሽ ቢቆይስ? በረዶው ይቅለጥ። ሰውም ይበርዳል።"

"እኔ ነኝ መብረድ ያለብኝ?"

እማ ጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካችኝ። ክፉ አናግሬያቸዋለሁ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ባልዲ ቀየሩ። ያን ጣሪያ ሠሪ ባገኘው የምለውን አውቃለሁ።


ጃንዋሪ 9

ታካባታኬ ራሱ ደወለ። ስሙን ስልኩ ላይ ሳየው ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ሲደጋግም አነሳሁት። የሚያስጠላኝ ይኸው ነው፤ አፌ ደፋር፣ እጄ ፈሪ።

"ወይዘሪት ሀማታኒ፣ መልካም አዲስ ዓመት። ቢሮዬን በስልክ ታጨናንቂያለሽ አሉ።"

"ማስረጃዬን ይላኩልኝ።"

"ቤተሰብሽ ጨዋ ነው። ወግ ያውቃል። ያለቀ ነገር አንቺ ለምን ትቀሰቅሻለሽ? ደግሞ ከተማው ትንሽ ነው፤ ሥራ ትፈልጊያለሽ።"

"ምን አለቀ?" አልኩት። ዘግቶታል።

ምን አለቀ? ያለቀ ነገር እንዳለ ማን ነገረው? አላውቅም። ማወቅ እንዳልፈልግ ሆኜ ቀኑን ሙሉ በረዶ ስጠርግ ዋልኩ።


ጃንዋሪ 16፣ ሐሙስ

ታካኦካ ከተማ ወርጄ ግብር ቢሮ ገባሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት እንደ እኔ ዓይነቱን በየዓመቱ ታያለች መሰለኝ፣ ሳልጨርስ ገባት።

"አሠሪው ማስረጃውን ከልክሎኛል የሚል ማስታወቂያ እዚህ ያስገባሉ። ከዚያ እኛ ፋብሪካውን እናነጋግራለን።"

"ማን እንደከሰሳቸው ያውቃሉ?"

"ክስ አይደለም። ግን የማን ማስረጃ እንደሆነ ሳንነግራቸው እንዴት ይላኩት?" ብላ ፈገግ አለች።

ቅጹን ይዤ ወጣሁ። ባቡር ላይ ስሜን ጻፍኩበት። የፋብሪካውን ስም ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሳ "ባናስቸግራቸው ጥሩ ነው" ያለኝ የታካባታኬ ድምፅ መጣብኝ። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ፈሪ። ፈሪ። ፈሪ።


ጃንዋሪ 24

የሕክምና ላቦራቶሪው ሥራ ቀረ። ቃለ መጠይቁ ጥሩ ነበር፤ ሴትየዋ ወዳኛለች። ዛሬ ደውላ፣ "ከቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ ጋር ያልተዘጋ ጉዳይ አለ አሉን" አለችኝ። የነገራት ማን እንደሆነ ብጠይቃት ይቅርታ ብላ ዘጋች።

በራችን ላይ ነጭ መኪና ቆሞ ነበር። ሞተሩ አልጠፋም። የጎረቤት እንግዳ ነው። ነው ብዬ አስባለሁ።


ጃንዋሪ 31

ምግቤን ሳልነካ ተነሳሁ። እማ ሾርባ ደጋግማ ታሞቃለች። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ። ቦርሳዬ አልጋ ሥር።


ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

በረዶው ለአራት ቀን አላቋረጠም። ትናንት የአጎቴ ጣሪያ ሸራ ከበረዶው ክብደት የተነሳ ተቀደደ፤ አጎቴ ዕቃቸውን ወደ ወጥ ቤት አጋዙ። ዛሬ ልረዳቸው ስሄድ ላስቲክ ለመግዛት ሱፐርማርኬት ገባሁ። ጣሪያ ሠሪው ሚዙጉቺ ሩዝ ተሸክሞ ቆሟል።

"ትንሽ አታፍርም?" አልኩት። ሰው ዞሮ አየን። "ሽማግሌ ሰው በረዶ ሥር ያድራል፣ አንተ ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ ትላለህ!"

ሩዙን መሬት አስቀመጠ። "አንቺ የኢሳኦ ዘመድ ነሽ? እኔ ምን አደረግኩ? ሸክላውን አምጥቼ፣ ልጆች ቀጥሬ፣ እሳቸው ናቸው ዲሴምበር ላይ ተወው ያሉኝ። ገንዘቡ ለሌላ ነገር ተፈለገ አሉ። በዱቤ ልሥራልዎ ብላቸው እንኳ እምቢ አሉ።"

ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩትም። ላስቲኩንም ሳልገዛ ወጣሁ።

አጎቴ ወጥ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ደርበው ሬዲዮ ይሰማሉ። እማ ቀድማኝ ደርሳ ሻይ ታፈላለች።

"የጣሪያውን ገንዘብ ለማን ሰጡት?"

ሬዲዮውን ዘጉት። እማን አዩዋት። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። እግዚኦ፣ እንዴት እስከዛሬ አልገባኝም? ጥቁሩ ሱፍ፣ ማዩኮ፣ "ወግ ያውቃል"።

"ይቅርታ ልጠይቅልሽ ፋብሪካው ሄድኩ" አሉ አጎቴ። "እናትሽ ጣፋጭ ገዛች፣ እኔ ይዤ ሄድኩ። ዋስ አይደለሁ? ልጄ አጥፍታለች፣ እኔም አላስተማርኳትም ብዬ ወለል ላይ ተንበረከክኩ። ነገር እንዲህ ነው የሚበርደው። እኛ እንዲህ ነው ያደግነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሰውየው ቅንነትዎን አይቻለሁ አለ። ጥፋቱን ካመኑ የኪሳራውን ግማሽ ይሸፍኑ አለኝ። ሰጠሁት።"

"ምን ጥፋት? ምኑን ነው ያመኑልኝ?"

"የምን ጥፋት እንደሆነ አልጠየቅኩም" አሉ። "ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ይጠይቃል እንዴ?"

"እኔን እንኳ አልጠየቁኝም!"

እማ ከምድጃው ሳትዞር፣ "ጮክ አትበይባቸው" አለች።

"አንቺም ታውቂ ነበር።"

"ጣፋጩን የመረጥኩት እኔ ነኝ" አለችና ማልቀስ ጀመረች። "ውድ የሆነውን መረጥኩ።"

አጎቴ የሻዩን ሲኒ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። "ሠራተኞቹ ቆመው ያዩኝ ነበር። አንዲት ልጅ ፊቷን አዞረች። አሳፈርኩሽ እንዴ?"

ብርድ ልብሱን ከትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው። እሳቸው እንዳይቸገሩ ብዬ እኔ ማኅተሜን ጫንኩ፤ እኔ እንዳልቸገር ብለው እሳቸው ተንበረከኩ። መሐል ላይ ያለው ሰው ሁለታችንንም በላ።

ዛሬ እኛ ቤት ነው የሚያድሩት። በግድግዳው በኩል ሲያስሉ ይሰማኛል።


ፌብሩዋሪ 13፣ ሐሙስ

የከተማው አስተዳደር ነፃ የሕግ ምክር አለው። ጠበቃዋ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አጎቴ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ትምህርት ቤት እንደተጠራ ወላጅ ተቀመጡ።

"ዋስትናው እስከ ስንት ድረስ እከፍላለሁ ይላል?"

"እንደሱ አይልም" አሉ አጎቴ። "ቁጥር የለበትም። ሁሉንም ማለት ነው ብዬ ነው።"

"ሕጉ ከተቀየረ ዓመታት አልፈዋል። ከፍተኛው መጠን ያልተጻፈበት እንዲህ ያለ ዋስትና አያስርዎትም። መክፈል አልነበረብዎትም።"

አጎቴ ኮፍያቸውን አገላበጡ። "ታዲያ የተንበረከክኩትስ?"

ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች። "እውነቱን ልንገርዎት፤ እሱ ያስቸግረናል። ልጅቷ አጥፍታለች ብለው ሰው ፊት ተናግረዋል። ገንዘቡን እንዲመልሱ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ግን ይመልሳሉ ብዬ ቃል አልገባም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "የግብሩ ማስረጃ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። እሱን መስጠት ግዴታቸው ነው። ምን ትጠብቂያለሽ?"

ምን እጠብቃለሁ?


ፌብሩዋሪ 14

ታካባታኬ ደወለ። ጠበቃ ጋ መሄዳችን ደርሶታል፤ ከተማው ትንሽ ነው ብሎኝ አልነበር።

"በቀላሉ እንጨርሰው። ሰኞ ከአጎትሽ ጋር ፋብሪካው የጠዋት ሰልፍ ላይ ነይ። ሠራተኛው ፊት አንዴ ጎንበስ በይ፣ ማስረጃሽን እዚያው በእጅሽ እሰጥሻለሁ። ለሚጠይቁኝ መሥሪያ ቤቶችም ጥሩ አወራለሁ። ያለዚያ እኔም የምለው አለኝ።"

ሳልሰናበተው ስልኩን ዘጋሁት።

ለእማና ለአጎቴ ነገርኳቸው። አጎቴ ወዲያው፣ "አንቺ አትምጪ። እኔ ጎንበስ እልልሻለሁ። የለመደ ወገብ ነው" አሉ።

የምጽፈው እውነት ይሁን፤ ለትንሽ ጊዜ እሺ ልላቸው አሰብኩ። አንዴ ጎንበስ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ እንቅልፍ። የሚያስፈራኝ ታካባታኬ ብቻ አይደለም። ይኸኛው ሐሳብም ያስፈራኛል።


ፌብሩዋሪ 17፣ ሰኞ

ማለዳ ባቡር ጣቢያው ስደርስ አጎቴ ኢሳኦ ቀድመውኝ ቆመዋል። ጥቁሩን ሱፍ ለብሰዋል። እጃቸው ላይ በሚያምር ወረቀት የተጠቀለለ የጣፋጭ ሳጥን።

"ወዴት ነዎት?"

"አንቺ ወደምትሄጂበት።"

"እኔ ግብር ቢሮ ነው የምሄደው። ፋብሪካ አልሄድም።"

"አውቃለሁ። እናትሽ ነግራኛለች።"

"ሳጥኑስ?"

ተቆጡ። "መንግሥት መሥሪያ ቤት ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?"

ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ ሳቅኩ። ከኖቬምበር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

የዓመቱ ማመልከቻ ዛሬ ስለጀመረ ግብር ቢሮው በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮሃል፤ ከፋብሪካው የጠዋት ሰልፍ መቅረታችን ታውቋል ማለት ነው። አጎቴ አዩኝ። ሳጥኑን ተቀበልኳቸውና ወረቀቱን ቀደድኩት።

"ምን ታደርጊያለሽ? ለሰው ይዘን መጥተን!"

"ይብሉ። የእኛ ነው።"

አንድ የቦሎቄ ጣፋጭ ሰጠኋቸው። ግራ ቀኝ አይተው ጎረሱት። "ውድ ነው" አሉ አፋቸው ሞልቶ። ከኋላችን ላሉት አሮጊት አካፈልን፣ አሮጊቷም ብርቱካን ሰጡን። ቅጹን ቦርሳዬ ላይ ዘርግቼ የፋብሪካውን ስም ጻፍኩ። ፊደሉ ጠማማ ነው፤ ግን ይነበባል።

መስኮቱ ላይ ያቺው ሴት ናት። "አመጡት" አለችኝ። አጎቴ በልማድ ጎንበስ ሊሉ ሲጀምሩ ክንዳቸውን ያዝኩ። ቀና አሉ።

አሁን ቤት ነኝ። ስልኩ አሁንም ይጮሃል። ነገ ምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ ጠበቃዋም አታውቅም። ሸራው እንደተቀደደ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ እፈራለሁ። መፍራቴን ተቀብያለሁ። ሌላውን ግን ከእንግዲህ አልቀበልም። ሰው የነገረኝን "የግል ጉዳዬ" ብዬ በእጄ አልጽፍም። የሠራሁበትን ለመቀበል አልለምንም። ማኅተሜን በምፈራው ሰው ፊት አላወጣም። ያላጠፋሁትንም ጥፋት ማንም፣ የሚወደኝም ቢሆን፣ በእኔ ስም ወለል ላይ ተንበርክኮ እንዲያምንልኝ አልፈቅድም።